ቅቤ የጠጣው ሽቦ

ኣደይ ኣዳነች ሲቆጡ ከመቐለው ሰሜን ክፍለ ከተማ ጫፍ እስከ ጫፍ ይሰማል ቢባል የተጋነነው ጥቂት ነው። ሰፈሩ ሁሉ «ኣደይ»፣ እናቴ፣ ይላቸዋል። ሦስት ሴት ልጆች አሏቸው፤ ሦስቱም ሳይቆጧቸው የዋለ ቀን የለም። ትልቋ ወልዳ ከብዳ እንኳ እናቷ ቤት ስትመጣ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ይጀመርላታል፤ ቀሚስሽ አጠረ፣ ልጁን አላለበስሽውም፣ ስልክ ስደውል ለምን አታነሺም። እሷም ዝም አትልም፣ ትመልሳለች። መመለሱ መቆንጠጥን ያመጣል፣ መቆንጠጡ ጩኸትን፣ ጩኸቱ ሳቅን። ከዚያ ሁሉም አንድ ትሪ ከብበው ይበላሉ።

በዚህ ሁሉ ጫጫታ መሐል ቁጣ የናፈቃት አንዲት ሴት አለች። እስከዳር ትባላለች፤ የወንድ ልጃቸው የመሓሪ ሚስት ናት። ከደብረ ብርሃን ለትምህርት መጥታ ዓዲ ሓቂ ተከራይታ ስትኖር የግቢው በር ተገነጠለና ሊበይድ የመጣው መሓሪ ሆነ። «በሩን ያዢልኝ» አላት፤ ያዘችለት። ይኸው እስከ ዛሬ አልለቀቀችም። የተማረችውን ሒሳብ ትታ ብየዳ ለመደች፣ ለምዳም አልቀረች፣ ባሏን በለጠችው። ይህን የሚናገረው ራሱ መሓሪ ነው፤ ሌላ ሰው ሲለው ግን ፊቱ ይከብዳል።

ኣደይ ኣዳነች ለልጆቻቸው ትግርኛው እንደ ነሐሴ ዝናብ ይወርድላቸዋል። ለእስከዳር ግን እንደ እንግዳ ብርጭቆ ከቁም ሳጥን ተወልውሎ የሚወጣ አማርኛ አላቸው። «እስከዳር፣ ደከመሽ? ኧረ ተቀመጪ። ተዪው፣ ልጆቹ ያነሱታል።» አንድ ቀን ትልቁን ድስት ከነዶሮው መሬት ላይ ደፋችው። የፋሲካ ዶሮ! ሦስቱ እህትማማቾች ትንፋሻቸውን ዋጡ። ኣደይ ኣዳነች ግን ፈገግ ብለው፣ «ምንም አይደለም፤ ጥፋቱ የድስቱ ነው፣ ጆሮው ይሞቃል» አሉ። እስከዳር መታጠቢያ ቤት ገብታ ተንሰቅስቃ አለቀሰች።

መሓሪ በሩን እያንኳኳ፣ «ምን ሆንሽ? አልተቆጡሽም እኮ!» አላት።

«እሱ ነዋ!» አለች ከውስጥ። «ካንተ እህቶች አንዷ ብትሆን ዛሬ ሰማይ ምድሩ ይደበላለቅ ነበር። እኔ እንግዳ ነኝ። ስንት ዓመት ሙሉ እንግዳ ነኝ!»

መሓሪ ጭንቅላቱን አከከ። መላጣ ስለሆነ ማከኩ ይቀለዋል። እናቱን ግን ቆጣ በይልኝ ብሎ የሚለምን ልጅ ታይቶ አይታወቅም።

ዘንድሮ በፍልሰታ ጾም ሁለት ነገር ሆነ። አንደኛው፣ የኣደይ ኣዳነች የማርያም ማኅበር ለሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን የጸበል ማጠራቀሚያ ታንከር ሊያሠራ ተስማማ፤ ስቴንለስ፣ የማይዝግ፣ ለበዓሉ የሚደርስ። የማኅበሩ ሰብሳቢ ወይዘሮ ለተመድህን ከአዲስ አበባ ተሠርቶ ይምጣ ሲሉ ኣደይ ኣዳነች ብድግ ብለው፣ «የልጄ ሚስት ትሠራዋለች» አሉ። እስከዳር ይህን ስትሰማ ግማሽ ልቧ ዘለለ። ግማሹ ግን «የልጄ ሚስት» የሚለው ላይ ተቀምጦ ቀረ።

ሁለተኛው ነገር የፀጉር ነገር ነው። አሸንዳ እየተቃረበ ነበርና ኣደይ ኣዳነች ሴት ልጆቻቸውን አንድ በአንድ ጉልበታቸው ሥር አስቀምጠው አልባሶ የሚባለውን ሹሩባ ሠሯቸው። እንደ ልማዳቸው የተንቀሳቀሰችውን በማበጠሪያው ጀርባ አናቷን እያሉ ነው። ሦስቱንም ጨርሰው ቀና ሲሉ እስከዳርን አዩ። «ነዪ እስቲ፣ አንቺም» አሏት። እንዲህ ያለ ጥሪ ከዚያ በፊት መጥቶላት አያውቅም። ሮጣ እግራቸው ሥር ቁጭ አለች። ግማሽ ቀን ፈጀ። ወፍራም ጉንጉን፣ ቀጭን ጉንጉን፣ በየመሐሉ ቅቤ፣ ከላይም ቅቤ። «ጾም አይደል እንዴ?» ብትል፣ «ራስ አይጾምም» አሏት። ግን አንድ ጊዜ እንኳ በማበጠሪያው አልመቷትም። እንዲያውም በየደቂቃው፣ «አመመሽ? ላላልሽ?» ይሉ ነበር። እስከዳር ሆን ብላ አንዴ ተንቀሳቀሰች። ምንም የለም።

በማግስቱ ያን የመሰለ ራስ ይዛ የታንከሩን ብየዳ ጀመረች።

አርጎን ብየዳ እንደ ተራው ብየዳ ፍንጣሪ እየረጨ የሚንጫጫ አይደለም። በአንድ እጅ እሳት የሚተፋውን ባለ መርፌ ቶርች፣ በሌላው ቀጭን ሽቦ ይዞ፣ ብረቱ ቀልጦ ትንሽ ኩሬ ሲሠራ ሽቦውን ጠብ ማድረግ፣ ትንሽ ገፋ ማለት፣ እንደገና ጠብ። ከረጅሙ የብረት ሲሊንደር፣ ከቦምቦላው፣ የሚወጣው ጋዝ ኩሬውን ከአየር ይከልለዋል። ስቴንለስ ጥሩ ሲበየድ ብርማ ሆኖ ወርቅ ወርቅ ይላል። ክፉ ሲበየድ ደግሞ ይጠቁራል፣ አረፋ ይደፍቃል፣ መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ ያወጣል። ቆሻሻ የሚባል ነገር አይችልም፤ የጣት ወዝ እንኳ ያስቀይመዋል።

እስከዳር ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ስለዚህ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ወዝ በሚያነሳው አሴቶን ወለወለች፤ ነጭ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ወለወለች። የታንከሩ ውስጥ ስለሚጠብ በአጭር በአጭሩ ቆረጠቻቸው። ጠረጴዛው ላይ እንዳታስቀምጣቸው የብረት መፍጫው የግራይንደር ብናኝ አለ። መሬት የማይታሰብ ነው። ኪሷ ጥጥና አቧራ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ እንደምታደርገው፣ ልብስ ሰፊ መርፌውን ደረቱ ላይ እንደሚሰካ፣ ንጹሖቹን ሽቦዎች ማጅራቷ ላይ ጉንጉኖቹ መሐል ሰካቻቸው። ከወዲሁ የገባችሁ ዝም በሉ። እሷ ገና አልገባትም።

ማስኩን ደፋች፣ ቶርቹን ለኮሰች፣ ኩሬው ሲሠራ እጇን ወደ ኋላ ሰድዳ አንድ ሽቦ መዘዘች። ጠብ ስታደርገው «ፍሽሽ» አለ። የሽቦው ጫፍ ጥቁር ኳስ ሆኖ ተንከባለለ፣ ኩሬው አረፋ ደፈቀ፣ ጭስ አወጣ። አቆመችና ማስኩን ገለበጠች። የጀመረችው መስመር በትል የተበላ ይመስላል።

«ጋዙ ነው» አለች።

መሓሪ የሳሙና ውሃ በጥብጦ የቦምቦላውን ቱቦ ከላይ እስከ ታች ቀባው። የሚፈስ ቢኖር አረፋ ያወጣ ነበር፤ አላወጣም። ቀጠሉ። ሁለተኛው ሽቦም «ፍሽሽ» አለ።

«ንፋሱ ነዋ» አለ መሓሪ። በውቅሮ መንገድ በኩል የሚመጣው የነሐሴ ንፋስ በሩን እየገፋ ይገባ ነበር፤ ጋዙን ገፍቶት ይሆናል። በሩን ዘጉ፣ ስንጥቁ ላይ ሸራ ወጠሩ። ሙቀቱ ጨመረ፣ እስከዳር አላባት፣ የአናቷም ቅቤ ቀለጠ። ይህኛው ሽቦ ከቀደሙት ሁሉ የባሰ ሆነ።

«ሽቦው ራሱ ስቴንለስ ባይሆንስ? ከተራው ጋር ቀላቅለውብን ቢሆንስ?» ብላ ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ማግኔት አስጠጋችለት። አልተሳበም። የቶርቹን መርፌ ጫፍ እንደገና ሞረደች። እሳቱን ቀነሰች፣ ጨመረች። ቶርቹን አስጠጋች፣ አራቀች። ከካርቶኑ ሌላ ሽቦ አውጥታ፣ ያንንም እንደ ሕፃን አጥባ፣ ቆርጣ፣ ራሷ ላይ ሰክታ ሞከረች። እንደዚያው ነው።

«እስቲ ልየው» አለ መሓሪ በመጨረሻ፣ በጣም ቀስ ብሎ። ማስኩን ተቀበላት፣ ከካርቶኑ ረጅም ሽቦ መዘዘ፣ ጠራረገና በተራረፈ ላሜራ ላይ ሞከረ። መስመሩ እንደ ሰካራም መንገድ የተንጋደደ ነው፤ ነገር ግን ጠርቶ ያበራል። አንድም ቀዳዳ የለው።

ሁለቱም መስመሩ ላይ አጎነበሱ። ያው ማሽን፣ ያው ጋዝ፣ ያው ካርቶን።

«ሽቦውን ስትስቢው ከጋዙ ውጪ ታርቂዋለሽ መሰለኝ» አለ መሓሪ፣ የጫማውን ጫፍ እያየ። «ጫፉ እንደጋለ አየር ሲነካው...»

«ማንን ነው የምታስተምረው?»

«ማንንም።»

እስከዳር ባልዲ ላይ ቁጭ አለች። ያ ቀን ሄደ፤ የተበየደውን በግራይንደር አንስታ እንደገና በየደችው፣ ውሃ ሞልተው ሞከሩት፣ ታንከሩ እንደ ወንፊት አለቀሰ። ነገሩ ሁሉ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነ። በዓሉ ደርሷል። ኣደይ ኣዳነች በማኅበሩ ፊት ቃላቸውን ሰጥተውላታል። ታንከሩ ቢያፈስ አማቷ እንደማይቆጧት ታውቃለች፤ ያንኑ ፈገግታ ፈገግ ብለው፣ «ጥፋቱ የብረቱ ነው» ይሏታል። 

በማግስቱም ይኸው «ፍሽሽ» እንደቀጠለ ጎረቤታቸው ሃይላይ ሸራውን ገልጦ አንገቱን አስገባ። አናጢ ነው፤ ጾመኛ ነው፤ ቅዳሴ ሳይወጣ ውሃ በአፉ አይዞርም። በጾም አፍንጫው ከውሻ ይበልጣል ይሉታል።

«እግዚኦ!» አለ። «በእመቤታችን ጾም! ጾም ገደፋችሁ እንዴ?»

«ምን አደረግን?» አለ መሓሪ።

«ጠስሚ ይሸተኛል! አናጢ ቤቴ ድረስ መጣ። ሆዴ ጮኸ፣ መጋዝ አስጣለኝ። ማነው እዚህ ቅቤ የሚያነጥረው?»

እስከዳር ሳቀች። «ሃይላይ፣ የራሴ ቅቤ ነው እኮ። ኣደይ ኣዳነች ቀቡኝ።»

«ኣይ፣ ኣይ!» ብሎ ጣቱን አወዛወዘ። «የራስ ቅቤ አውቃለሁ። ሚስቴ ተቀብታለች፣ ልጆቼ ተቀብተዋል፣ መቐለ በሙሉ ተቀብታለች። ያ ለጋ ነው። ይሄ እሳት ያየ ነው! የነጠረ ነው! እኔን ታታልሉኛላችሁ?»

እስከዳር ሳቋን አቆመች። ማጅራቷ ላይ እጇን ሰድዳ አንድ ሽቦ መዘዘችና በሁለት ጣቷ አሸት አደረገችው። ይንሸራተታል። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ከዚያ ቶርቹን ለኮሰችና የሽቦውን ጫፍ እሳቱ ላይ ያዘች። «ፍሽሽ» አለ፣ ጭሱ ወጣ፣ ወርክሾፑ የበዓል ወጥ ሸተተ።

«በለው!» አለ ሃይላይ፣ ምራቁን እየዋጠ።

መሓሪ አንዴ ሽቦውን፣ አንዴ የሚስቱን ራስ፣ አንዴ ታንከሩን አየ። ከዚያ ሳቁ መጣበትና ቦምቦላውን ተደግፎ ቀረ። «በአሴቶን አጥበሽ... አጥበሽ አጥበሽ... ቅቤ ውስጥ!» ይላል፣ ትንፋሽ እያጠረው። ሁለት ቀን ሙሉ አፍንጫዋ ሥር ሆኖ ሳይሸታት የቀረው ራሷ ስለሸተተች ነው። እሱም ቢሆን በአሸንዳ ሰሞን ቅቤ ቅቤ ያላለ ሰው መቐለ ውስጥ ስለማያገኝ ልብ አላለውም።

እስከዳር ግን አልሳቀችም። «ለኣደይ እንዴት ብዬ ነው የምነግራቸው?» አለች።

«ለምን ትነግሪያቸዋለሽ? ሽቦውን ሌላ ቦታ አስቀምጪ፣ በቃ። ለምን ቆየ ካሉ ጋዝ ነበር እንላለን።»

ሐሳቡ ሐሳብ ነው። እስከዳር የገበያ ፌስታል ራሷ ላይ አጥልቃ ጆሮዋ ላይ ቋጠረች፣ የብየዳ ጓንቷን ቀየረች፣ ሽቦዎቹን እንደገና አጥባ ንጹሕ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ጨመረቻቸው። ሃይላይ ወደ መጋዙ ተመለሰ። ልክ ቶርቹን ስታነሳ በሩ ተከፈተና ኣደይ ኣዳነች ገቡ። በእጃቸው ተጨማሪ ቅቤ ይዘዋል፤ ከበዓሉ በፊት ራሷን ሊያድሱላት ነው።

«ደህና ዋላችሁ» አሉ። ከዚያ ፌስታሉን አዩ። «እስከዳር፣ ይሄ ምንድነው?»

«ዝናቡን ፈርቼ ነው።»

ኣደይ ኣዳነች ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። ቆርቆሮው ደህና ነው። ወዲያው የተፋቀውን፣ የጠቋቆረውን ታንከር አዩ። «ተበላሸ?» አሉ በለሰለሰ አማርኛ። «ምንም አይደለም። ጥፋቱ የ...»

«የጋዝ ነው» አለ መሓሪ ቶሎ ብሎ።

ያቺ ፈገግታ በኣደይ ኣዳነች ፊት ላይ መጣች። እስከዳር አይታ አልቻለችም። እውነቱን ከነገረቻቸው ቅቤያቸው ታንከሩን አበላሸ ማለት ነው፤ ይቅርታ ይጠይቋታል፣ ከዚያ ወዲያ ጉልበታቸው ሥር አያስቀምጧትም። ከዋሸች ደግሞ እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ ይቺን ፈገግታ ስታይ ልትኖር ነው። ፌስታሉን ከራሷ ላይ ገፈፈችው።

«ጋዝ አይደለም ኣደይ። እኔ ነኝ። ሽቦዎቹን እዚህ ሰክቼ ቅቤ ጠጡ። የታንከሩ ቀዳዳ ሁሉ የዚያ ነው።»

«የት ሰክተሽ?»

«እዚህ።» ዞራ አሳየቻቸው።

ኣደይ ኣዳነች ቀረብ አሉ። ያን ግማሽ ቀን የፈጀ አልባሶ በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት። ወፍራሙ ጉንጉን በሽቦ ተበሳስቶ ተፈትቷል፤ ቀጭኑ እንደ አሮጌ ገመድ ቆሟል።  ታንከሩን ረስተውታል።

«በኔ ሹሩባ?» አሉ። «ሓፂን? በኔ ሹሩባ ውስጥ ሓፂን?»

«ኣደይ...»

«ዋይ ኣነ!» ጩኸቱ ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው። «ኣንቲ ዓሻ! እንታይ ገይርኪ? ርእስኺ መኽዘን ሓፂን ድዩ?» አማርኛው ተሟጠጠ፣ ቁም ሳጥኑ ተዘጋ፣ ትግርኛው እንደ ዶፍ ወረደ። አንቺ ሞኝ፣ ምን አደረግሽ፣ ጭንቅላትሽ የብረት መጋዘን ነው ወይ፣ ጣቴ እስኪደነዝዝ የጎነጎንኩትን፣ አንገትሽን ቢወጋሽስ፣ ዓይንሽን ቢያጠፋውስ፣ ማን ነው እንዲህ ያሳደገሽ፣ ደግሞ ፌስታል! ፌስታል በአልባሶ ላይ! ብለው ነጠላቸውን አጣጥፈው ትከሻዋን ዠለጧት።

ሃይላይ ሰው ተገደለ ብሎ እየሮጠ ገባ። «ኣደይ ኣዳነች፣ ይተዉ፣ የሰው ልጅ ናት፣ ሰው ይሰማል...»

ኣደይ ኣዳነች ዞር አሉበት። «ጓለይ እያ!» አሉት። «ልጄ ናት! አንተን እንታይ ኣእተወካ? ምን አገባህ?»

ሃይላይ እንደገባ ወጣ።

እስከዳር ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ኣደይ ኣዳነች ደንገጥ አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ፣ አማርኛው ሊመለስ አኮበኮበ። «እስከዳር... ጎዳሁሽ እንዴ?»

«ኧረ አይተዉ!» አለች እጇን ከፊቷ አንስታ። እያለቀሰች ትስቃለች። «ኣደይ፣ ይቆጡኝ! ገና አልጨረሱም!»

አሮጊቷ ዓይናቸውን አጥብበው አዩዋት። ሦስት ሴት ልጅ ያሳደገ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ አይፈጅበትም። «ታድያ ምን ትገተሪያለሽ?» አሉ፣ በዚያው በቁጣ ድምፅ። «ሥሪ! ማርያም ደርሳለች!»

ተቀመጠች። ፌስታሉን መለሰች፣ ማስኩን ደፋች፣ ቶርቹን ለኮሰች። ኩሬው ጠርቶ መጣ። ኣደይ ኣዳነች አጠገቧ ቆመው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ትንሽ ከታገሡ በኋላ ሥራ ፈትቶ መቆም አልሆነላቸውም፤ ላቀብላት ብለው የሽቦውን ቱቦ አንስተው አንድ መዘዙ።

«ኣደይ! እጅዎ ቅቤ ነው!» ብላ ጮኸች እስከዳር። «አይንኩት ብያለሁ! አሁን ያንን ማን ሊያጥብ ነው?»

ልትል አስባ አልነበረም፤ እንዲህ ብላ ግን ተገኘች። መሓሪ ከቦምቦላው ኋላ ተሸሸገ። ኣደይ ኣዳነች በሽቦውና በእስከዳር መሐል ዓይናቸውን አመላለሱ፣ ሽቦውን ቀስ ብለው መልሰው አስቀመጡ፣ ጎንበስ አሉና ክንዷን በሁለት ጣታቸው ይዘው ጥምዝዝ አድርገው ቆነጠጧት።

«ለእናት እንዲህ ይመለሳል?» አሉ፤ እጃቸውንም ሊታጠቡ ወጡ።

የበዓሉ ዕለት ታንከሩ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ ሞልቶ ቆመ፤ ሥሩ ያለው መሬት ጠብታ ሳይነካው አመድ እንደሆነ ዋለ። ወይዘሮ ለተመድህን መስመሩን በጣታቸው ተከትለው ዙሪያውን ዞሩና አመሰገኑ። እስከዳር አልሰማችም። ከትልቋ እህት ጋር ከዛፍ ሥር ተቀምጣ እጅጌዋን ከፍ አድርጋ ሰማያዊውን የቁንጥጫ ምልክት እያሳየቻት ነበር።

ትልቋ ቀረብ ብላ አየችው፣ ከንፈሯን ገፋ አደረገች። «ይቺማ ምን አላት!» አለች፣ የራሷን እጅጌ መጠቅለል እየጀመረች። «ገና ጀማሪ ነሽ።»